እንደ ሠራተኛ ቢታሰብ

ባሌ መፋታት እንደሚፈልግ የነገረኝ ቀን የእናቱን ጀርባ ቅባት እየቀባሁ ነበር። የክፍሉ በር ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ «ስትጨርሺ ላናግርሽ» አለኝ።

«ንገረኝ፤ ሥራ የያዘው እጄ ነው፣ ጆሮዬ አይደለም» አልኩት።

ወደ ሳሎን ሄደ። እማዬን (እናቱን እንደዚያ ነበር የምጠራቸው) ወደ ግራ ጎናቸው አዞርኳቸው፣ በጉልበታቸው መካከል ትራስ አደረግሁ፣ እጄን ታጥቤ ወጣሁ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ቀና ሳይል «ሳንጨቃጨቅ እንጨርሰው» አለ። ቤት ተከራይቷል። ሌላ ሴት አለች። ሊያገባት ይፈልጋል፣ ያውም ቶሎ። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ ቢሮው ውስጥ ስለሚካሄድ እድሳት የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር።

የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ አሁንም እዚያው ነኝ። እሱ መሐንዲስ ነው። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ጥሩ የሂሳብ ሠራተኛ። እማዬን ስትሮክ መትቷቸው ቀኝ ጎናቸው ሲዝል ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ እኛ ቤት መጡ። ልጃችን ያኔ ገና መሄድ መጀመሯ ነበር። ሠራተኛ ቀጠርን፤ ሄደች። ሌላ ቀጠርን፤ እሷም ሄደች። አንድ ማታ እሱ «ደመወዝሽ ለሠራተኛና ለታክሲ ነው የሚያልቀው። ለምን ቤት አትሆኚም? እኔ አለሁ አይደል?» አለኝ። አምኜው የመልቀቂያ ደብዳቤ አስገባሁ። አለቃዬ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ባለቤቴ አለ» ብዬ እንደ መለስኩ ትዝ ይለኛል። ዛሬም ይህን ሳስብ ጥርሴን እነክሳለሁ።

መፋታት እንደሚፈልግ በነገረኝ ማግስት ሁለተኛ ፎቅ ወደምትኖር ጎረቤቴ ወረድኩ። ጠበቃ ናት። ልጆቻችን አብረው ይማራሉ። በሩን እንደከፈተችልኝ ፊቴን አይታ ልጆቿን ወደ ግቢ አስወጣቻቸው።

«ከተፋታን በኋላ ለእኔ ምን ይቆረጥልኛል?» አልኳት።

«ለልጅሽ ቀለብ ይቆረጣል። ቤቱ በትዳር የተገኘ ስለሆነ እኩል ነው። ክሱ እየታየ ባለበት ጊዜ መተዳደሪያ እንዲሰጥሽ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ትችያለሽ። ፍቺው ከተወሰነ በኋላ ግን ለሚስት የሚቆረጥ የለም።»

«ምንም?»

«ሕጉ ምንም አይልም። ከዚያ ቀን በኋላ ለእሱ ባዳ ነሽ።»

ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ያ ቢሮ መዝገብ የሚይዝበት መንገድ ሁሉ ተለውጧል። እኔ የማውቀውን ሶፍትዌር ዛሬ የሚጠቀምበት የለም። ማን ይቀጥረኛል? ጎረቤቴ የማስበው ገባት መሰለኝ ወንበሯን ጠጋ አደረገች።

«ስሚኝ። በስምምነት ከተፋታችሁ ግን ለአንቺም መተዳደሪያ እንዲከፍል መዋዋል ትችላላችሁ። ሕግን እስካልጣሰ ድረስ ፍርድ ቤቱ ያጸድቀዋል። እሱ ይቸኩላል?»

«በጣም።»

«እንግዲያው አንቺ አትቸኩዪ።»

ከዚያች ቀን በፊት እንዲህ ያለ ምክር የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ሌላው ሁሉ «ቻይው» ነበር የሚለኝ።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጡ። ሦስት ናቸው፦ የባሌ አጎት፣ የነፍስ አባታችን እና በእኔ በኩል ታላቅ ወንድሜ። አጎትየው ጡረታ የወጡ ባለሥልጣን ናቸው፤ ቤት ሲገቡ ወንበር የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ሻይ አቀረብኩ። ልጄን ጎረቤቴ ጋ ልኬያታለሁ። እማዬ ጓዳ ያለው ክፍላቸው ውስጥ ናቸው፣ በሩ ገርበብ ብሏል።

አባ ጸሎት አድርገው ጀመሩ። «የመጣነው ለማስታረቅ ነው» አሉ።

«አባ፣ የእርቁ ነገር አልፏል» አለ ባሌ። «አሁን የቀረው በሰላም መለያየት ነው።»

አባ አንገታቸውን ደፉ። አጎትየው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሥራ እንደሚጀምር ሰው ኮታቸውን አወለቁ። ቤቱ ይሸጥና እኩል ትካፈላላችሁ፣ ለልጅቷ ቀለብ ይቆረጣል፣ ጉዳዩ በአጭሩ ይቋጫል አሉ።

«ለእኔስ?» አልኩ።

ባሌ መለሰ። «ለጥቂት ወራት አንድ ነገር አደርግልሻለሁ። ለእማዬ ላደረግሽው፣ ለምስጋና።»

«ምስጋና አልጠየቅሁም። የምጠይቀው መተዳደሪያ ነው። ተምሬ ወደ ሥራዬ እስክመለስ ሁለት ዓመት ትከፍላለህ። ቤቱም ልጅቷ ትምህርቷን እስክትጨርስ አይሸጥም። ሥራዬን ያስለቀቅከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ አስገድጄሻለሁ?»

«እኔ አለሁ ብለኸኛል።»

ወንድሜ እግሩን አነባብሮ ወለሉን እያየ ነበር። ለእኔ ሊናገርልኝ የመጣው እሱ ነው፤ የአባቴን ቦታ ይዞ። ቀና አለና «እህቴ፣ ሁለት ዓመትማ በዛ» አለ። «የተቻለውን ይስጥሽ፤ እኔም ቤት ክፍል አለ።»

ክፍል የሚለው የልጆቹን ብስክሌት የሚያስቀምጥበትን ነው። አብነት ሰፈር ያለችውን ያቺን ቤቱን ሲገዛ የጎደለውን ከደመወዜ የሞላሁለት እኔ ነበርኩ። ምንም አላልኩትም። ብጀምር አላቆምም ነበር።

ይሄኔ አጎትየው እጃቸውን አነሱ፤ አንድ ነገር ተገልጦላቸዋል።

«እንግባባ» አሉ። «ልጄ፣ አንቺ ደክሜያለሁ ትያለሽ፤ እውነት ነው፣ ማንም አይክድሽም። እሱ ደግሞ በዛብኝ ይላል። ለሁላችንም ሚዛን የሚሆን ነገር እንፈልግ። ለምሳሌ እንደ ሠራተኛ ቢታሰብስ? በሽተኛ የምታስታምም ሠራተኛ በወር ምን ያህል ይከፈላታል? እሱን በዓመቱ አባዝተን...» ትንሽ ቆም አሉ። «በእርግጥ ሠራተኛ ምግብና መኝታዋ ይቻላታል። ስለዚህ የበላችው፣ የለበሰችው ይቀነሳል።»

ባሌን አየሁት። የተናደደ መስሎኝ ነበር። ለእኔ ብሎ ባይናደድ ለራሱ ክብር ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሚስቴ እኮ ናት» ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

«መጥፎ ሐሳብ አይደለም» አለ።

አባ የእጅ መስቀላቸውን ይደባብሳሉ። ወንድሜ ሻዩን ይጠጣል። እዚያ የተቀመጡት አራት ወንዶች ናቸው። በዚያ ቤት ውስጥ አንዳቸውም አንድ ሌሊት እማዬን አንስተው አያውቁም፤ እኔ ከዚያ ላይ የበላሁት እንጀራ ይቀነስብኛል።

ተነስቼ ወደ እማዬ ክፍል ገባሁ። ሁሉንም ሰምተዋል። ግድግዳው ስስ ነው፤ የጎረቤት ሳል እንኳ ይሰማል። ምላሳቸው ከበሽታው በኋላ ከባድ ስለሆነ አጫጭር ቃል ነው የሚናገሩት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ዛሬ ልጅዎ ያንሳዎት?» አልኳቸው።

ዐይኔን ዐይኔን አዩኝ። ደህናው እጃቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቶ ጉልበቴን ያዘ። «ሂጂ» አሉ።

«ይናደዱብኛል?»

«ሂጂ፣ ሂጂ።»

ነጠላዬንና ቦርሳዬን ያዝኩ። ሳሎን ስመለስ አጎትየው አሁንም እያባዙ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዳሉት ይሁን» አልኳቸው። «ሠራተኛ ከሆንኩ ዛሬ እረፍቴ ነው። እማዬ በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣሉ። አሁን ደርሷል። ዳይፐሩ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው። ሾርባውን ስታጠጧቸው ከወገባቸው ቀና አድርጓቸው፤ ተኝተው ከጠጡ ያንቃቸዋል።»

«ምን እያልሽ ነው?» አለ ባሌ ብድግ ብሎ።

«ስልኬ ክፍት ነው» አልኩና በሩን ዘጋሁ።

ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ፍርሃት አልነበረም። በእግሬ እስከ ሜክሲኮ ሄድኩ። ሰው ይገፋኛል፣ እገፋለሁ። የታክሲ ረዳት «የት ነሽ?» ሲለኝ ጮኼ «የትም!» አልኩት፣ ምን አድርጎኝ። ድሮ የምሠራበት ሕንፃ ምድር ቤት ያለው ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩ። ብቻዬን ካፌ ከተቀመጥኩ ዓመታት አልፈዋል። ደስ የሚል ነገር ግን አልነበረውም። ሲኒውን ይዤ የአጎትየውን «ይቀነሳል» እደጋግመዋለሁ። ያልመለስኩት መልስ ሁሉ አሁን ይመጣልኛል። የልጅ ልጃቸውን ወልጄ፣ የወንድማቸውን ሚስት አጥቤ፣ በየበዓሉ ለእሳቸው ምግብ እየቋጠርኩ፣ መጨረሻ ላይ የበላሁት ይታሰብብኝ?

ስልኩ ጠራ።

«የት ነሽ?» አለ ባሌ። ዘጋሁት። ደግሞ ጠራ። «ቅባቱ የትኛው ነው? ነጩ ነው ቢጫው?»

«ነጩ። ቆዳው ላይ አትሸው፣ እየነካካህ ቀባው።»

«መቼ ነው የምትመጪው?» ዘጋሁት።

እንደዚያ ቀጠልን። ስለ እማዬ ሲጠይቀኝ እመልሳለሁ፤ ሌላ ሲናገር እዘጋለሁ። አንድ ጊዜ ሲያለከልክ ሰማሁት። ከበስተጀርባው አባ «በብብታቸው ሥር፣ በብብታቸው ሥር ያዝ» ይላሉ።

ስመለስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አጎትየው ልቅሶ አለብኝ ብለው እኔ በወጣሁበት እግር ሄደዋል። ወንድሜም ሄዷል፤ ምን ብሎ እንደሄደ አልጠየቅሁም። አባ ብቻ ቀሚሳቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው እማዬን በማንኪያ ያጠጣሉ። የአልጋው አንሶላ ተቀይሯል፣ በግልባጩ። ባሌ ካናቴራው ረጥቦ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ልታዋርጂኝ ነው?» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እናትህን ማንሳት ውርደት ከሆነ እኔ ስንት ዓመት ተዋርጃለሁ?»

አባ ማንኪያውን አስቀመጡና «ልጄ፣ ይህን ሁልጊዜ ብቻሽን ነው?» አሉኝ። በየሳምንቱ ቤታችን እየገቡ ጸበል የሚረጩን ሰው ናቸው። ያን ክፍል ያውቁታል፤ አልጋውን፣ በሽተኛዋን ያውቃሉ። ጥያቄው ግን ያኔ ነው የመጣላቸው። «አዎ አባ» ብዬ ብቻ ወደ እማዬ ሄድኩ። ሊያዝኑልኝ ስለጀመሩ ልወዳቸው ይገባ ነበር፤ አልቻልኩም።

እማዬ ፊታቸው ቀልቷል። የሆነ ጊዜ ያለቀሱ ይመስላሉ። አንሶላውን ሳስተካክል፣ «እጁ ይንቀጠቀጣል» አሉኝ። ለልጃቸው አዝነዋል። በዚህም ተናደድኩ። ለእኔ እጅ ማን አዘነለት? ከዚያ ደግሞ እናቱ ናቸው አልኩና ተውኩት።

ቀጣዩን ድርድር ያደረግነው ያለ አጎትየው ነው። አልመጣም አሉ፤ እኔም አልጠራሁም። ወንድሜንም አልጠራሁትም። እኔ፣ ባሌ፣ አባና ጠበቃዋ ጎረቤቴ ሳሎናችን ውስጥ ተቀመጥን። ባሌ ተዘጋጅቶ መጥቷል።

«ሁለት ዓመቱን እከፍላለሁ። ቤቱም ይቆይ» አለ። «ግን እማዬ እዚሁ ካንቺ ጋር ትሁን። ለምዳሻለች።»

ይህን ሲል ቸር የሆነ መስሎታል። ጎረቤቴ ክንዴን ነካ አደረገችኝ፤ ተረጋጊ ማለቷ ነው።

«ማለትም ሠራተኛነቴ ይቀጥላል» አልኩ። «አጎትህ ያሰቡትን አንተ በሌላ ስም አመጣኸው።»

«እናቴን ትጠያታለሽ ማለት ነው?»

«እናትህን ብወድም ባልወድም ውል ውስጥ አላስገባቸውም። መተዳደሪያው ላለፈው፣ ለሄደብኝ ዕድሜ ነው። የሚመጣውን ደግሜ አልሸጥልህም። ይልቅ እሳቸውን ጠይቀሃቸዋል?»

አልጠየቃቸውም። በዊልቸር አድርገን ሳሎን አወጣናቸው። አባ ጎንበስ ብለው «እማማ፣ ከማን ጋር መሆን ይሻሉ?» አሏቸው።

እማዬ ተራ በተራ አዩን። እኔን ይላሉ ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ላሸንፈው የምፈልግበት ጊዜ ነበር፤ አፋቸው ሲከፈት ልቤ ቀድሞ ደስ ብሎት ነበር።

«ከልጄ» አሉ።

ባሌ ቀለሙ ተለወጠ። እኔ ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁ፣ ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ። ውሃው ቢፈስ ቢፈስ አይቀዘቅዝልኝም። ማታ ልብሳቸውን ስቀይርላቸው መናገር አልፈለግሁም ነበር። እሳቸው ግን እጄን ያዙ፤ እንደዚያ ረጅም ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«እሱ... ይልመድ። አንቺ... ዕረፊ። ልጅ አለሽ።»

«ሊጎዳዎት ይችላል እኮ።»

«ልጄ ነው» አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ የቀረው ክርክር ስለ አንድ ቃል ነበር። ባሌ ያዘጋጀው ረቂቅ ላይ ለእኔ የሚከፈለው «ስጦታ» ተብሏል። ጎረቤቴ ሰርዛ «መተዳደሪያ» ብላ ጻፈች። እሱ መልሶ «ድጋፍ» አለው። ስልክ ደውሎ «ለቃል ብለሽ ነው የምታዘገዪኝ? ገንዘቡ ያው አይደል?» አለኝ።

«ያው ከሆነ ለምን አትጽፈውም?» አልኩት።

«ሰው ቢያየው ግዴታ ይመስላል።»

«ግዴታ ነው።»

ብዙ ሳምንት ፈጀ። የሚያገባት ሴት ቤተሰቦች እንደሚጠብቁት ከሌላ ሰው ሰማሁ። እኔ የምቸኩልበት አልነበረኝም። ልጄን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ እማዬን እገለብጣለሁ፣ ማታ በጎረቤቴ ላፕቶፕ አዲሱን የሂሳብ ሶፍትዌር እማራለሁ። በመጨረሻ «መተዳደሪያ» ብሎ ፈረመ።

ፍርድ ቤት የቀረብንበት ቀን ዳኛዋ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ሴት ነበረች። ለየብቻችን አነጋገረችን። «ይህን ስምምነት የፈረምሽው ማንም ሳያስገድድሽ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ሐሳብሽን ብትለውጪ ጊዜ እሰጥሻለሁ።»

«ሐሳቡን የለወጠው እሱ ነው፣ ክብርት ዳኛ። እኔ ዋጋውን ነው የተደራደርኩት።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ቅር ያላት መሰለኝ፣ ግን አልገሠጸችኝም። እንደገና የምናስብበት ጊዜ ሰጥታ አሰናበተችን፤ ስንመለስ አጸደቀችው።

እማዬ የሄዱት በሳምንቱ ነው። ሊፍት የለንም። እሱና ሁለት ሠራተኞች በወንበር አድርገው አወረዷቸው። እኔ መድኃኒታቸውን፣ ቅባቱን፣ የሚወዱትን ትራስ ይዤ ከኋላ ወረድኩ። በየወለሉ ጎረቤት በር ከፍቶ «እግዜር ይማርዎት» ይላል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እሱ ቆም ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ከዚያ ሠራተኛውን «ቀስ፣ አንገቷን ጠብቅ» አለው። ይህን የተማረው ከእኔ ነው። ልጄ መኪናው ሲሄድ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ወደ ባዶው ክፍል ገብቼ መስኮቱን ከፈትኩና አልጋው ላይ ተኛሁ፣ እስኪነጋ።

መተዳደሪያው መጀመሪያ በሰዓቱ መጣ። ከዚያ መዘግየት ጀመረ። ስደውል «ትንሽ ታገሺኝ፣ ወጪ በዛብኝ፤ የእማዬ ሠራተኛ ክፍያዋ ጣራ ነክቷል» ይላል። የመጀመሪያ ጊዜ ሲለኝ ሳቅሁ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው፣ ራሴንም ያስደነገጠኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሲለኝ፣ «የአፈጻጸም ክስ እከፍታለሁ። ፍርድ ቤቱ ከደመወዝህ ያስቆርጥልኛል» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልዘገየም። ሕግ የሚገባው ሰው ነው፤ ሌላው ነገር ነው የማይገባው።

አሁን ሥራ ይዣለሁ። መድኃኒት የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ነው። አለቃዬ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት፣ «እትዬ» እያለች ነው የምታዘኝ። እሑድ እሑድ እማዬን እጠይቃለሁ። አዲሷ ሚስት በር ትከፍትልኛለች፤ ሁለታችንም ጨዋዎች ነን። እማዬ ከስተዋል፣ ግን ጀርባቸው ንጹሕ ነው፤ ሁልጊዜ እፈትሻለሁ። ማታ ማታ ራሱ እንደሚያነሳቸው ነገሩኝ። ጥሩ ነው። ንዴቴን ግን አላበረደውም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል። ይችል ነበር ማለት ነው።

ሰዎች ይቅር በይ ይሉኛል። አባም ይሉኛል። ንስሐ ስገባ «አልወጣልኝም» እላቸዋለሁ፤ «ይወጣልሻል» ይሉኛል።

የመጨረሻው ክፍያ የገባ ቀን ደወለ። ከሥራ ወጥቼ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ቆሜ ነበር።

«ደረሰሽ?» አለ።

«ደርሶኛል።»

«እንግዲህ ጨርሰናል አይደል?»

«የውሉን ጨርሰናል።»

«ሌላ ምን አለ?»

የእውነት አያውቅም። ድምፁ ውስጥ ተንኮል አልነበረም፤ የጠየቀው ሊያውቅ ነው። የምመልሰው ብዙ ነበረኝ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ፣ በዚያ ጩኸት መሃል፣ ከየት ልጀምርለት? ከፊቴ ያለው ሰው ገባ፣ ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» አለ። ስልኩን ዘግቼ ገባሁ። እስከ ልደታ ድረስ እጄ ውስጥ እንደጨበጥኩት ነበር። ተመልሶ አልጠራም።